ዋንጫው ከጨርቅ ሱቁ ሲወጣ

ጎንደር ውስጥ በቀኝ እጃቸው እየጻፉ ቅርጫት ኳስ ግን በግራ የሚወረውሩ ጎልማሶች አሉ። ምክንያቱ አንድ ግራኝ ተጫዋች ነው። እሱ ሲጫወት ከአምባ ጊዮርጊስ ሳይቀር ሰው በአውቶቡስ ይመጣ ነበር፤ ቦታ ያጣው አጥር ላይ ይወጣል። ከከተማው ቡድን ወደ አዲስ አበባ ክለብ፣ ከዚያም ወደ ብሔራዊ ቡድን ሄደ። የጉልበቱ ጅማት ሲበጠስ ክለቡ ዕቃውን በካርቶን አድርጎ ላከለት። ይህን ሁሉ በየጊዜው ዘግቤአለሁ።

ባለፈው ክረምት አራዳ ገበያ ወዳለው የታላቅ ወንድሙ የጨርቅ ሱቅ ጠራኝ። የከተማው ቡድን አሰልጣኝ ይፈልግ ስለነበር አመልክቶ ነበር፤ ኮሚቴው ከሰዓት በኋላ ሱቁ ድረስ እንደሚመጣ ተነግሮታል። ፂሙን ተላጭቶ የድሮውን የቡድኑን ቱታ ለብሷል።

«ለእምቢታ ሰው ደጅ ድረስ አይመጣም» አለኝ። «ለእምቢታ ስልክ አለ።»

እስኪመጡ ድረስ ከላይኛው መደርደሪያ ጣቃ ያወርድ ነበር።

«ሰው መሰላል ይገዛል» አለ ወንድሙ ለገበያተኞቹ ሴቶች። «ለእኔ አላህ እንጀራ የሚበላ መሰላል ሰጠኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ተጫዋቹም አብሯቸው ሳቀ።

ኮሚቴዎቹ ሦስት ነበሩ። ሰብሳቢው የድሮ የቡድን ጓደኛው ነው፤ በዘመኑ ከተቀያሪ ወንበር እምብዛም አልተነሳም። ተጫዋቹ ለስላሳ አስመጣላቸው።

«ምነው ቆምህ? ተቀመጥ እንጂ» አለው ሰብሳቢው።

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«እንግዲያው አናቆይህ። ለዋንጫው ነው የመጣን።»

ባንኮኒው ላይ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ከከተማው ቡድን ጋር ያነሳው ዋንጫ ነበር።

«እሑድ አዲሱን አሰልጣኝ እናስተዋውቃለን። ባዶ እጁን ከሚቆም ይዞት ፎቶ ይነሳ ብለን ነው።»

«ማን ነው?»

«የአቶ ፀዳው ልጅ። ያንተው ፍሬ ነው፤ ቀኝ እጅ እያለው በግራ ይወረውራል።»

«እኔስ?»

«አንተማ የክብር እንግዳ። ከፊት ትቀመጣለህ፤ ብቻ ከኋላህ ያለው ሰው እንዳይጋረድ ጎንበስ ትልልናለህ።»

ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ለስላሳቸውን እየጠጡ ፈገግ አሉ። እሱ ሳጥኑን ከፍቶ ዋንጫውን አወጣ፤ አቧራውን በቱታው እጅጌ ጠረገ።

«ስጣቸው» አለ ወንድሙ ሂሳብ ሳያቋርጥ። «ቦታ ይዞብኝ ነበር። ክር እደረድርበታለሁ።»

ዋንጫውን በላስቲክ ጠቅልለው ሄዱ። እሱ ወደ እኔ ቀረበና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጠይቀውት እምቢ አለ በል። ለወጣት ይሁን ብሎ ተወላቸው በል።»

«አልጠየቁህም።»

«እሱንማ አውቃለሁ። አንተ በል ነው የምልህ። ከዚህ ሌላ ምንም አልለምንህም።»

«የሆነውን ነው የማስተላልፈው።»

ወንድሙን ዞር ብሎ አየው፣ አንድ ቃል እንዲጨምርለት።

«ገበያተኛ ቆሟል» አለው ወንድሙ።

በማግስቱ ዜናውን ስሠራ፣ የቀድሞው ተጫዋች ላቀረበው ማመልከቻ ምን መልስ እንደተሰጠ ሰብሳቢውን በስልክ ጠየቅሁት።

«የምን ማመልከቻ?» አለኝ።

መልሱን እንዳለ በዜናው አስተላለፍሁት።