በሰማይ የቀሩት የወንድሜ ጌሞች

ወንድሜ የመጀመሪያውን የኳስ ጌም ዲስክ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ዋጋውን የነገረኝ ቀን ክው ነው ያልኩት። በአንድ እጄ ይዤው የነበረውን ነገር ወዲያው በሁለት እጄ ያዝኩት። በዚያ ገንዘብ ከጂንካ ከፍ ብላ ባለችው ገዘር ከተማ ገበያ ላይ ደህና ሴት ፍየል ትገዛ ነበር። ይኼ ግን ስስ፣ መሃሉ የተበሳ፣ የማይበላ የማይጠጣ ፕላስቲክ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ደሞዝ ከወር ወር እንዴት እንደሚጎተት አውቃለሁ። አብደሃል ወይ አልኩት። እሱ እንደ ልማዱ ሳቀብኝ። ፍየልም እኮ አርደሽ ካልበላሻት አታልቅም፤ ይኼም እንደዚያው ነው፣ ሠርቶልኝ ሠርቶልኝ ሲደክም ደግሞ እሸጠዋለሁ አለኝ።

ጂንካ ገበያው አጠገብ በተከራያት አንዲት ክፍል ጌም ቤት ከፈተ። ቴሌቪዥንና ማሽን፣ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጆይስቲኮች፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፤ ሌላ ምንም የለም። ሕጉ የተሸነፈ ይከፍላል ነው። እዚያ የሚውሉት ሥራ ፈቶች ይመስሉኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ምሳ ላደርስለት ስገባ ግን ቢሮው ለፊርማ ስሄድ ቀና ብሎ እንኳ የማያየኝ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ በገዛ ሹፌሩ አራት ለባዶ ተገርፎ ከኪሱ ሲያወጣ አየሁ። ሹፌሩ ፊት ለፊቱ ከት ብሎ ይስቅበታል። ኃላፊው ደግሞ አልተቆጣም፤ እንደገና እንግጠም እያለ ይለምነዋል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ፣ የምሳውን ሳህን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ዲስክ ዕድሜ እንዳለው ያስተማረኝ ወንድሜ ነው። አዲስ የውድድር ዘመን ሲመጣ አዲስ ዲስክ ይመጣል፤ የአምናው በሚኒባስ ገዘር ይወጣና እዚያ ጌም ቤት ላለው ሰው ይሸጣል። ገዘር ሲጠግበው ወደ ቆላ ይወርዳል። ተጫጭሮ ማሽኑ አላነብም ሲል በጥርስ ሳሙና ይታሽና እንደገና ያነባል። ዋጋው በየደረሰበት ይቀንሳል እንጂ አያልቅም። በአሮጌው ሽያጭ ላይ ትንሽ ይጨመርና አዲሱ ይገዛል። ቤቱ የኖረው በዚህ ነው፤ ሚስት ያገባውም በዚህ ነው። እኔም ቀስ በቀስ መደንገጤን ተውኩና መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ዲስኮች እንደ ሀብት ማየት ጀመርኩ።

ከደንበኞቹ አንዱ ከቆላ፣ ከአርቦሬ ከብት አርቢዎች የተወለደ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። ለስብሰባ ጂንካ በመጣ ቁጥር አበሉን ተቀብሎ በቀጥታ ወደ ጌም ቤቱ ነው። ከወንድሜ ጋር ሲሳደቡና ሲሳሳቁ ከርመው የእናት ልጅ ያህል ሆኑ። ቆላ ያለችው ካንጋተን ከተማ ሲመደብ ወንድሜ አሮጌውን ማሽንና አንድ ዲስክ ጠቅልሎ አስያዘው። ሸጥክለት ወይ አልኩት፤ አልሸጥኩም አለ። ሰጠኸው ወይ አልኩት፤ አልሰጠሁም አለ። ለርቢ ነው አለኝ። ከብት ያለው ሰው ከብቱን ወዳጁ ዘንድ አስቀምጦ እንደሚያረባው ማለቱ ነው። በሳቅ ፈረስኩ። ምን ሊወልድልህ ነው እያልኩ ስንት ጊዜ ቀለድኩበት።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። አሮጌዎቹ ማሽኖች ሲደክሙ ወንድሜ አዲስ ገዛ፤ ዋጋው ረከስ ያለውም ዲስክ መክተቻ ስለሌለው ነው። ጌሙ በኢንተርኔት ይገዛና ይወርዳል። ማሽኑን ዙሪያውን አየሁት፣ አፍ የለውም። እንግዲያው ጌሙ ረክሷላ ብዬ ጠየቅኩ። ሳጥን የለው፣ ፕላስቲክ የለው፣ አውሮፕላን ላይ አልተጫነ፣ ለሚኒባስ ረዳት አልተከፈለበት። እኩል ነው አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ነበር። አዲስ የወጣ ጌም በዲስክም በአየርም ዋጋው ያው ነው፤ እንዲያውም ዲስኩ ሰው እጅ እየዞረ ሲረክስ የአየሩ ከነበረበት ንቅንቅ የማይልበት ጊዜ አለ። እኛ ገበያ ማር ከነቅሉ አንድ ዋጋ አለው፣ ቅሉ ለባለቤቱ ከተመለሰ ሌላ ዋጋ አለው። ቅሉን ይዞ ቀርቶ ዋጋውን ሳይነካ ልሽጥ የሚል ነጋዴ ቢመጣ መሳቂያ ሆኖ ይውላል። እኔ ይኼን እያልኩ ስንጨረጨር ወንድሜ ማሽኑን ይሰካካ ነበር።

እሱን የያዘው ቅናሹ ነው። አልፎ አልፎ ዋጋው በግማሽ ይወርዳል፤ ያን ሰሞን ምግብም አይበላለትም። አዲስ አበባ በውጭ ገንዘብ የሚከፍል የባንክ ካርድ ያለው ሰው ፈልጎ ያስከፍላል፣ ከዚያ ኔትወርክ እየለመነ ያወርዳል፤ መብራት ሲሄድ ይቆማል፣ ሲመጣ ይቀጥላል። ይኼን ለማድረግ ዲስኮቹን አንድ በአንድ እየሸጠ ያለውን ሁሉ ወደዚያ አዛወረው። መደርደሪያው ባዶ ሲቀር፣ እንጃ፣ ደስ አላለኝም። የገዛኸው ታዲያ የት አለ ስለው ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀሰረ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ብዬ ተረትኩበት። ወተቷንማ በየቀኑ እየጠጣሁ ነው አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ቤቱ ሞልቶ ነው የሚውለው።

ወንድሜ ሞተ። ሆዴን አለ፣ ሆስፒታል ገባ፣ በእግሩ አልወጣም። ከዚህ በላይ ልጽፈው አልችልም። ሚስቱ ሕፃን ልጇን ታቅፋ ቀረች፤ ከጌም ቤቱ በቀር መተዳደሪያ አልነበራትም። ሲታመም ቤቱን ትይዝ የነበረው እሷ ስለሆነች ሥራውን አሳምራ ታውቀዋለች። ቤተሰቡም ተመካክሮ ትቀጥልበት አለ።

በእኛ ዘንድ የለቅሶው ድንኳን ከመፍረሱ በፊት አንድ ሽማግሌ ተነስተው የሟች ንብረት በእጁ ያለ ሰው ይናገር ይላሉ። ሰዉ በየተራ ተነሳ። አንዱ አሮጌ ቴሌቪዥኑ እኔ ጋ ነው አለ፣ ሌላው የብስክሌት መንፊያውን አነሳ፣ የገዘሩ ጌም ቤት ባለቤት የተዋሰውን ጆይስቲክ ከኪሱ አውጥቶ አስቀመጠ። ያ የአርቦሬው ሰው አልነበረም፤ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ ነበር። ስለ ሰማዩ ጌሞች ማንም አልተነሳም። እኛም አልጠየቅንም፣ ማሽኑ ውስጥ ናቸው ብለን ነበር የምናስበው። ከንብረቱ ሁሉ የሚበልጠው በየትኛውም ለቅሶ ላይ የማይቆም ሰው እጅ እንዳለ ያን ቀን ማንኛችንም አልገባንም።

ጌም ቤቱ እንደገና ተከፈተ፤ ደንበኛው ለማጽናናትም ለመጫወትም መጣ። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣና ማሽኑን መታው። አርባ ምንጭ ልከን ተሠርቶ መጣ፤ ውስጡ የነበረው ግን ተጠርጎ ነበር። የሠራው ሰው በስልክ አጽናናን፤ አንዴ የተገዛ ጌም ሌላ ሳይከፈልበት እንደገና ይወርዳል፣ የአካውንቱን ፓስወርድ ብቻ አስገቡ አለ። እኔና የወንድሜ ሚስት ተያየን። ፓስወርዱ ያለው ወንድሜ ጭንቅላት ውስጥ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ደንበኛ ለሻጩ ኩባንያ በእንግሊዝኛ ኢሜይል ጻፈልን። የሞት ማስረጃውንና የጋብቻ ማስረጃውን አያያዝን። መልሱ ሲመጣ መምህሩ ለራሱ አነበበው፣ ደገመው፣ ወደ አማርኛ ሲመልሰው ድምፁ ወረደ። ሐዘናችሁን እንጋራለን ይላል። አካውንቱ ግን የአንድ ሰው ነው፣ ለሌላ አይተላለፍም፣ ለወራሽም ቢሆን። ምክንያቱም ለወንድሜ የተሸጠለት የመጫወት ፈቃድ እንጂ ጌሙ አይደለም። መምህሩ ተሳስቶ የተረጎመው መስሎኝ ደግመህ አንብበው አልኩት፤ አነበበው፣ ያው ነው። ፈቃድ ከሆነ በዕቃ ዋጋ ለምን ተሸጠለት? ቢያከራዩት፣ ኪራይ ነው ብለው ቢናገሩ፣ እኔም አልናደድም። ወንድሜ ግን ገዛሁ ብሎ ነው የሞተው። ያንን ምስኪን መምህር ስቆጣው የወንድሜ ሚስት ክንዴን ያዘችኝ።

«እሱ የሸጣቸው ዲስኮች እኮ ገዘር ውስጥ ዛሬም ሰው ይጫወትባቸዋል» አለችኝ ቀስ ብላ።

እውነቷን ነው። የሸጠው ሁሉ በሰው እጅ አለ፤ የገዛው ግን የለም። ይኼን ሳስበው ዛሬም ያመኛል። ጌም ቤቱ ተዘጋ፣ አከራዩ ክፍሉን ለሌላ ሊሰጥ ሰው ማምጣት ጀመረ፣ እሷም ገዘር ወላጆቿ ዘንድ ልትመለስ ዕቃዋን ሸከፈች።

የአርቦሬው ሰው የደረሰው ያን ሰሞን ነው፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ጌም ቤቱ ውስጥ ዕቃ ስንሸክፍ ደጃፉ ላይ ቆሞ አለቀሰ፤ ከዚያ ገብቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ውኃ አቀረብንለት፣ አልነካውም።

«እህቴ፣ የእሱ ነገር እኔ እጅ አለ» አለኝ። «ለቅሶ ላይ መናገር ነበረብኝ፣ መንገድ ከለከለኝ። አሁን እናገራለሁ፣ ሰው ጥሪና ይስማ።»

ጎረቤት ጠራሁ። እሱም ቆሞ ተናገረ። ያን አሮጌ ማሽን ካንጋተን ውስጥ በሶላር ሲያስጫውትበት ኖሯል፤ የመንግሥት ሠራተኛው ከቢሮ ሲወጣ ሌላ መዋያ የለውም። በተገኘው ገንዘብ ሴት ፍየል ገዝቶ አርቦሬ ላለው ወንድሙ አስረከበ። ፍየሏ ወለደች፣ የወለደቻቸውም ወለዱ። በአባቴ ቤት የርቢ ልጅ የባለንብረቱ ነው አለ፤ ስለዚህ መንጋው የወንድሜ ነው፣ ከእንግዲህም የሕፃኗ ነው። ከፈለግን ይነዳልናል፣ አለዚያም እዚያው ይጠበቅላታል። እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ። ምን ሊወልድልህ ነው ብዬ የሳቅኩበት ዲስክ ነው ይኼ።

የወንድሜ ሚስት ለድካሙ ምን እንደምንሰጠው ጠየቀችው። ደነገጠ፤ ያስቀየመችው መስሏት እሷም ደነገጠች። ከዚያ ዞር ብሎ ባዶውን መደርደሪያ አየና ሌሎቹ ጌሞች የት ናቸው አለን፤ ብዙ መግዛቱን ወንድሜ በስልክ ነግሮት ኖሯል። እንደ ተማሪ ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳሁት፤ አካውንቱን፣ ፓስወርዱን፣ የኩባንያውን መልስ፣ ፈቃድ የሚባለውን። እስከመጨረሻው ሰማኝ።

«ሲሸጡለት» አለ በመጨረሻ፣ «ሰው እንደሚሞት አያውቁም ነበር?»

የወንድሜ ሚስት ሕፃኗን አሳቀፈችኝና ጨርቁን ፈታች፤ ገመዱን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካች፣ ዲስኩን በልብሷ ጠርጋ ከተተችው። አሮጌው ማሽን ትንሽ አጉረመረመ፣ ከዚያ አነበበው።