ሙናዊር ለሀፍሷ ሰርግ የሠራው ዜማ

ሙናዊር ራሱን ሙዚቀኛ ብሎ የጠራው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም መታወቂያ ሲያሳድስ። ቅጹን የምትሞላው ልጅ ቀና ብላ የጠቆሩ ጣቶቹን አየችና «ምን ይጫወታሉ?» አለችው። «ጌም» አላት። ልጅቷም ሳትከራከረው «ጥገና» ብላ ጻፈች። ሙናዊር ዛሬም ይህን ሲያወራ ልጅቷ ልክ ነበረች ብሎ ነው የሚጀምረው።

ሱቁ መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ አካባቢ ነው። ሱቅ ማለቱ ራሱ ጉራ ነው፤ ከጃፋር ድስት መሸጫ ጎን ተሸንሽና የቀረች፣ ሁለት ሰው ከገባባት አንዱ ወደ ኋላ ተራምዶ የሚወጣባት ጥግ ናት። እዚያ ስፒከር፣ ሪሞትና የልጆች ጌም ይጠግናል። አንድ ቀን ከውጭ ከመጣ ያገለገለ ዕቃ መሀል አንዲት በእጅ የምትያዝ ግራጫ ጌም ቦይ አገኘ። አጽድቶ ሊሸጣት ነበር። ግን በዚያች ዕቃ ላይ ሙዚቃ የሚጻፍበት ካሴት እንዳለ ኢንተርኔት ላይ አነበበ፤ ካሴቱንም ዱባይ በሚመላለስ ደንበኛው አስመጣ፤ ዕቃዋም ሳትሸጥ ቀረች። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለበት ሰው ምሳውን ትቶ ቁልፍ ሲጫን ማየት ለጃፋር የዕለት መዝናኛ ሆነ።

ዕቃዋ የምታሰማው አራት ድምፅ ብቻ ነው። ሁለቱ ዜማ ያወጣሉ፣ አንዱ ወፍራሙን ድምፅ ከሥር ይይዛል፣ አራተኛው ዜማ የሚባል ነገር አያውቅም፤ «ሽሽሽ» ብቻ ይላል። ሙናዊር ግን እያደር ዘዴዋን ቀሰመ። «ሽሽሽ» የሚለውን በጣም አሳጥሮ ሲቆርጠው ጭብጨባ ሆነለት፤ አወፍሮ ሲቆርጠው ድቤ። ሦስት ኖታዎችን በየተራ በፍጥነት ሲያስሮጣቸው ጆሮ ይታለልና አንድ ላይ የተመቱ ይመስለዋል። ይህን በኩራት ለጃፋር ሲያሰማው ጃፋር «ስልክህን አንሣ እንጂ» አለው። ዘዴዋ በዚያው ተሰረዘች።

ትልቁ ጣጣ ምቱ ነበር። ፕሮግራሙ ዜማን በአሥራ ስድስት ረድፍ ከፍሎ በአራት በአራት ይቆጥራል፤ የሰርግ ጭብጨባችን ደግሞ በሦስት በሦስት ካልሄደ እግር አይነሣለትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሚያነክስ ምት ሲሠራ ከርሞ፣ ረድፉን አሥራ ሁለት ላይ መቁረጥ እንደሚቻል ደረሰበት። የዚያን ቀን መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ እየጨበጠ ነው ቤቱ የገባው።

ይህ ሁሉ የብቻው እብደት ሆኖ በቀረ ጥሩ ነበር። ታናሽ እህቱ ሀፍሷ ግን ልታገባ ሆነ፤ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ እጇን ይዞ ትምህርት ቤት ያመላለሳት ልጅ። እጮኛዋ ቢላል ከወሎ ቤተሰብ ነው፤ እናቱ እትዬ ዙህራ ደግሞ ሰርግ ላይ ዘፈን በማውረድ ሰፈር ያወቃቸው ሴት ናቸው። ሀፍሷ አማቶቿ ፊት «ኪቦርድ የሚጫወት ሰው አትቅጠሩ፤ ወንድሜ ሙዚቀኛ ነው» ብላ አረፈችው። ከዚያ ወደ ሱቁ መጣች።

«ጋሽዬ፣ እንዳታዋርደኝ» አለችው።

«ምን ነክቶሽ ነው እንዲህ የምትዪኝ?»

«ሙዚቀኛ የምልህ እኔ ብቻ ነኛ። ካዋረድከኝ አብረን ነው የምንዋረደው።»

እውነቷን ነበር። ሙናዊር ፈራ፤ ከመፍራቱም የተነሣ ሦስት ወር ሙሉ ሠራ።

መርካቶ ያደገ ሰው ባዶ ቦታ አይቶ አያልፍም። ጃፋር ድስቱን መደርደሪያ ላይ ደርድሮ ሲጨርስ ጣሪያ ላይ ይሰቅላል፤ ጣሪያው ሲሞላ በሩ ላይ፣ በሩ ሲሞላ መንገዱ ላይ። ክንድ የምታህል ክፍት ቦታ ከታየች ባለሱቁ ከሠረ ተብሎ ይወራል። ሙናዊርም ዜማውን እንዲሁ ሠራው። በአንደኛው መስመር አውራጁን አስገባ፣ በሁለተኛው ተቀባዩን፣ በሦስተኛው የሽማግሌዎቹን ጉርምርምታ፣ በአራተኛው ድቤውንና ጭብጨባውን። እልልታውን ሳይቀር ከ«ሽሽሽ» ውስጥ ፈልቅቆ አወጣው። በመጨረሻ ስክሪኗን ከላይ እስከ ታች አይቶ አንድም ባዶ ረድፍ ሲያጣ፣ አሁን ገና ሥራ ሆነ አለ። ጃፋርም አዳምጦ «ሞልቷል» ሲል መሰከረለት።

የሰርጉ ዕለት፣ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ከጎጃም በረንዳ ጀርባ ባለው ግቢያቸው በተተከለው ድንኳን ውስጥ ሙናዊር ዕቃዋን ከትልቅ ስፒከር ጋር አገናኝቶ ቁልፉን ተጫነ። አውራጁ አወረደ። ተቀባዩ ተቀበለ። ድቤው ተመታ፣ ጭብጨባው ተጨበጨበ፣ እልልታውም ቀለጠ። ሴቶቹ ቁጭ ብለው አዩት።

በደንብ ነበር የሚያዳምጡት፤ ክፋቱም እሱ ነበር። እጃቸውን አጣጥፈው፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሙናዊር ድምፁ ያነሰ መስሎት ጨመረው። አንድ ሕፃን አለቀሰ። ሀፍሷ ከተቀመጠችበት ሆና እጇ ላይ ያለውን ሂና ብቻ ታያለች። አንድ ጊዜም ወደ እሱ አላየችም። ልጅ ሆና ሌሎች ልጆች ሲስቁባት እንዲሁ ነበር የምታቀረቅረው፤ የዛሬውን ያመጣባት ግን እሱ ራሱ ነው።

እትዬ ዙህራ ሻሻቸውን እያስተካከሉ መጥተው ጎንበስ አሉለት።

«ልጄ፣ መልካም ነው። ግን እኛ የቱ ጋ ነው የምንገባው?»

«ምን አሉኝ እትዬ?»

«እሱ ያወርዳል፣ እሱ ይቀበላል፣ እሱ ያጨበጭባል። እኛ ምን እንሥራ?»

ሙናዊር ስክሪኗን አየ። ለሰው የተተወ አንድ ረድፍ አልነበረም። ሦስት ወር ሙሉ የሰርግ ዘፈን ሲሠራ ሰርገኛውን ረስቶታል። ሁለተኛውን መስመር፣ የተቀባዩን፣ ዘጋው።

አውራጁ ዜማውን አወረደና ባዶ ቦታ ቀረ። ከኋላ አንዲት ሴት ትንሽ ጠብቃ «ሀፍሷዬ» አለችበት። በሚቀጥለው ዙር አምስት ሆኑ፤ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ። አራተኛውን መስመር ሲዘጋው ጭብጨባው ከእጅ መጣ፤ ድቤም ከየት እንደሆነ እንጃ ብቅ አለ። እትዬ ዙህራ መሀል ገብተው ግጥሙን ያዙት፦

የሙሽሪት ወንድም ይዞልን መጣ፣
በትንሽዬ ሳጥን የሞላ ፌንጣ።

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ሀፍሷም ቀና አለች፤ ሳቋ እስኪያንቃት ሳቀች፤ ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ተነሣች። ሙናዊር ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሦስተኛውን መስመር ዘጋ፤ ትንሽ አመነታና የቀረውን የአውራጁን መስመርም ዘጋው። ዕቃዋ ጭጭ አለች። ዜማው ግን አንዲት ኖታ ሳይስት ቀጠለ፤ ለውጡን ልብ ያለ አንድም ሰው የለም። ደስ አለው፤ ትንሽ ቅናትም ያዘው። ሥራ ፈት እንዳይመስል አንገቱን ደፍቶ ቁልፍ መጫኑን ቀጠለ።

ጥቂት ቆይተው እትዬ ዙህራ በላብ ተጠምቀው ወደ እሱ መለስ አሉ።

«ልጄ፣ ያቺን ዕቃህን ትንሽ ቀንሳት። ሰው እየዘፈነ ነው።»

«እሺ እትዬ» አለና የድምፁን ማዞሪያ ዝቅ አደረገው።