የዓሣው ፊልም ቀሪ ግማሽ

ባለቤቴ ፓሎ አልቶ ካለው የላቦራቶሪ ሥራው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከእራት በኋላ ስለ ባሕር እንስሳት የሚያሳዩ ፊልሞች እናይ ነበር። የመጨረሻውን ፊልም ግማሹ ላይ ያቆምነው ደረቱን ስላመመው ነው። በማግሥቱ አረፈ።

ፊልሙ ስለ አንድ አጥማጅ ዓሣ ነበር። ከባሕሩ ወለል ላይ አሸዋ ለብሶ ይተኛል። ከግንባሩ ቀጭን ዘንግ ወጥቶ ጫፉ ላይ ቁራጭ ሥጋ የመሰለ ነገር ይወዛወዛል። ትንንሽ ዓሦች ምግብ መስሏቸው ሲጠጉ ይውጣቸዋል፤ ጥርሶቹ ወደ ውስጥ ስለታጠፉ የገባ አይወጣም። ባለቤቴ "አሁን ደግሞ እንዴት እንደሚራባ ያሳዩናል" ብሎኝ ነበር። ያንን ሳናይ ቀረን።

ከቀብሩ በኋላ ሳን ሆዜ ያለው ቤታችን በለቀስተኛ ሞላ። ቴሌቪዥኑ ላይ ነጠላ ጣልንበት። አርባው ሳይወጣ መክፈት ሟቹን እንደ መናቅ ይቆጠራል። እኔ ግን የቀረውን ግማሽ ማየት ፈለግሁ፤ ቀንም ሌሊትም የማስበው ያንኑ ሆነ። የፈራሁት የባለቤቴን ታላቅ እህት ነው። እንደ እናት ሆነው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሚኖሩበት ከኦክላንድ ምግብ ይዘው መጡ። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ዓይኔ ወደ ነጠላው ሲመላለስ አዩ መሰለኝ።

"ምንድን ነው አንቺ?"

"ምንም፣ እትዬ።"

"ምንም አይባልም። ንገሪኝ።"

ነገርኳቸው። ከዚያ ተነሥተው ነጠላውን ራሳቸው አነሡት።

"ክፈቺው። ድምፁን ግን ቀንሺ፤ ጎረቤት ሐበሻ አለ።"

ዓሣው ብቅ ሲል አማተቡ። "ይህን ሁሉ አፍ ይዞ ዝም! ምነው የኛ ለቀስተኛ ከሱ በተማረ!"

ሳቅሁ። ካረፈ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

"ወንድሜ ማታ ማታ ስልኬን የማያነሣው ለዚህ ነበር?"

"አዎ እትዬ። 'ቆይ፣ ይዋጠውና እደውልላታለሁ' ይል ነበር።"

እሳቸውም ሳቁ፤ ወዲያው አለቀሱ።

በቀረው ግማሽ ሴቷ ዓሣ እንቁላሎቿን እንደ ረጅም ስስ መጋረጃ በተያያዘ ዝልግልግ ነገር ውስጥ ትለቃቸዋለች። እሷ ከታች አሸዋው ላይ ስትቀር መጋረጃው ወደ ላይ ይንሳፈፋል። የተፈለፈሉት ትንንሾች ከላይ ሲዋኙ ቆይተው፣ ሲያድጉ ወደ ወለሉ ይወርዳሉ። ባለቤቴ ቢሆን እዚህ ላይ አቁሞ፣ መልሶ ያሳየኝ ነበር። እኔም መልሼ አሳየኋቸው።

ሲያልቅ ከተቀመጡበት አልተነሡም።

"ሌላም ፊልም አለ?"

"ብዙ አለ።"

"እንግዲያው ሐሙስ እመጣለሁ" አሉኝ። እግዜር ይስጣቸው፣ እስከ አርባው ድረስ አንድም ሐሙስ ሳያጓድሉ መጡ።