በእበት የታሸገ ድስት

ልጄ ትርንጎ ዘንድሮ ከባሕር ዳር ስትመጣ ይዛልኝ የመጣችው ጋቢ አይደለም፣ ማርም አይደለም፤ ፊቱ ላይ መስታወት ያለው የብረት ሳጥን ነው። ኦቨን ይሉታል። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሮ እየተንገጫገጨ መካነ ኢየሱስ ድረስ የመጣውን ይህን ጉድ አየሁና «ምን ሥራ አለው?» አልኳት። «ሥጋ ያበስላል» አለችኝ። ሥጋ ለማብሰል እሳት ያጣን ይመስል! እኔ ደግሞ ሥጋ ትቻለሁ ካልኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ለቅርጫ ለሚጠሩኝ ጎረቤቶች ሁሉ «አይስማማኝም፣ ሆዴን ይነፋኛል» ነው የምለው። ውሸት ነው። ጥርስ የለኝም። ከላይ ሁለት፣ ከታች ሦስት ቀርተውኛል፣ እነሱም አይገናኙም። ይህን የሚያውቁት የቤቴ ሰዎች ብቻ ናቸው።

ጠዋት ልኳንዳ ቤት ሄዳ ወርች ገዝታ ተመለሰች። ተቆጣሁ። ሽንጡና ዳቢቱ ተሰቅሎ እያለ ጅማት በጅማት የሆነ የፊት እግር ምን ሊሠራላት ነው? የከተማ ልጅ ናት ብለው ያታለሏት መሰለኝ። እሷ መች ሰማችኝ። ሥጋውን ሳትቆራርጥ እንዳለ በጨው አሸችው፣ በጋለ ዘይት ዙሪያውን አገላብጣ አጠቆረችው፣ ከዚያ በወፍራም ድስት ውስጥ ከቀይ ሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት፣ ከካሮትና ከጥብስ ቅጠል ጋር አስተኛችውና አንድ ኩባያ የማይሞላ ውኃ ከሥሩ ጠብ አድርጋ ከደነችው። ሳጥኑ ውስጥ ከታም እሳቱን ዝቅ አደረገችው።

«ስንት ደቂቃ?» አልኳት።

«አራት ሰዓት።»

«አራት ሰዓት! ምን በድሎሽ ነው?»

ሦስት ሰዓት ሊሞላው ሲል መብራት ጠፋ። የእኛ ከተማ መብራት እንግዳ ሲመጣ ያውቃል። ቤቱን ግን ሽታው ሞልቶታል፤ ዝም ያለ፣ ወፍራም፣ ከንፈር ላይ የሚቀር የሥጋ ሽታ። ተነሥቼ የሳጥኑን እጀታ ያዝኩ።

«አባዬ፣ እንዳትከፍተው!» ብላ ትርንጎ ከጓዳ ጮኸች። «ሙቀቱ ውስጡ ነው። ከከፈትከው ይወጣል፣ ሥጋውም ይደርቃል። በያዘው ሙቀት ይጨርሳል፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

እሳት እንደነካው ሰው እጄን ሰበሰብኩ። ይህን ቃል ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ የተናገረችው እናቴ ናት፤ ያን ጊዜ ግን አልታዘዝኩም።

ቤታችን ከአርብ ገበያ በታች፣ ገደል አፍ ላይ ነበር፤ ዶሮ እንኳ ከግቢ የምትወጣው እያሰበች ነው። አባቴ ሁለት በሬዎች ነበሩት፣ ቦራና ዳልቻ። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ፣ ትከሻው በቀንበር የደደረ ሽማግሌ ነው። አንድ የጥቅምት ቅዳሜ ከገደሉ ጫፍ ሣር ሊነጭ ሲል መሬቱ ከዳው፤ ሁለት እግሩ ተሰብሮ ተገኘ። አባቴ ቢላ መያዝ አቅቶት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ፣ ጎረቤት ነው ያረደለት። በአገራችን ደንብ በሬ ለወደቀበት ሰው ሰፈሩ ቅርጫ ገብቶ ሥጋውን ይገዛለታል፣ እሱም በዚያ ገንዘብ ምትክ በሬ ይፈልጋል። ያን ዓመት ግን የሰፈሩ ግማሽ ከእኛ የባሰ ደኻ ስለነበር ቦራ ተበላ እንጂ አልተተካም። መበላቱም ለወጉ ነው፤ የዚያን ሽማግሌ ሥጋ ከማኘክ የራሱን የቀንበር ጠፍር፣ ምራኑን ማኘክ ይቀል እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ መንጋጋውን ይዞ ሲመሰክር ከርሟል።

ሥጋው በቅጠል ላይ መደብ መደብ ሆኖ ተደረደረ፣ ዕጣ ተጣለ፣ ለእናቴ ሽንጥ ደረሳት። ሰው ዕድሏን ሲያደንቅ እሷ ዘወር ብላ ወርች ከደረሳት ጎረቤታችን ጋር ለወጠችው። ሴትዮዋ እናቴ ሐሳቧን ሳትቀይር ብላ ሽንጡን አቅፋ ሮጠች። ሰው የመሰለው እናቴ በበሬው ሐዘን አእምሮዋ እንደተነካ ነው። አእምሮዋስ ደኅና ነበር። መሪጌታን ልትጋብዝ ነው።

መሪጌታ ቤተ ልሔም ደብር ከርመው የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ያስመሰከሩ፣ በደብራችን ዋርካ ሥር ፊደል የሚያስቆጥሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሥጋ ከተዉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሰፈሩ ይህን ከብቃት ቆጥሮላቸው ሲያልፉ ጉልበታቸውን ይስማል። እናቴ ግን በአንድ ዝክር ላይ ዳቦውን ወጥ ውስጥ እየነከሩ ሲመጠምጡት አይታቸዋለች። «ጽድቁስ ይቆየን፣ ሰውየው ጥርስ የላቸውም» አለች፣ ለእኔና ለእህቴ ብቻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እኔን ተማሪ ቤት ማስገባት ፈልጋ አባቴ እንቢ ብሏታል፤ «ዳዊት ደግሞ አያርስልኝም» ነበር መልሱ። መሪጌታ በአፋቸው ቢጠይቁት ግን እንቢ አይላቸውም። ስለዚህ መሪጌታ እቤታችን ይግቡ፣ ሥጋ ይብሉ፣ ደስ ይበላቸው፣ ከዚያ ስለ ልጁ ይነሣ። ያ ወርች የእኔ መማሪያ ነበር፣ እኔም ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ወርቹን በሸክላ ድስት ከሽንኩርትና ከቅቤ ጋር ከታ፣ ክዳኑን ዙሪያውን በሊጥ አሸገችና እስከ አንገቱ ረመጥ ውስጥ ቀበረችው። እሷና አባቴ ወደ ቅዳሴ ሲወጡ፣ እህቴ ዘርፌም እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጭ ስትወርድ፣ እኔ ውሻና ዶሮ እንድጠብቅ ቀረሁ። «ደምሌ፣ እንዳትከፍተው። ከከፈትከው እንፋሎቱ ይወጣል፣ ሥጋው ይደርቃል።»

ትንሽ ቆየሁ፤ ለእኔ ግን አንድ ሁዳዴ ያህል ነው። ከዚያ ሊጡ በአንድ በኩል ሲሰነጠቅ እንፋሎት እንደ ክር ቀጥኖ ወጣና አፍንጫዬ ድረስ መጣ። ልጅ ነኝ፣ ሥጋ በዓመት ሦስቴ ነው የማየው። ከፈትኩት። እንፋሎቱ ፊቴን ጠበሰኝ፣ ሥጋው ገና እንቢተኛ ነው፣ ከዳር ቀንጥቤ አኘክሁ፣ ከደንኩ፤ እንደገና ከፈትኩ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ከፈትኩ። ከዚያ ወዲያ ሊጡ ፍርፋሪ ሆኖ ረመጡ ውስጥ ቀረ። በምን ልለጥፈው? ጎታ በምን ይለጠፋል፣ አውድማ በምን ይመረጋል? ጋጣ ገብቼ የዳልቻን ትኩስ እበት በሁለት እጄ ዝቄ መጣሁ። አጥብቄ መረግሁት። ሥራዬን ራቅ ብዬ ሳየው የእናቴን ይበልጥ ነበር።

መሪጌታ ከቅዳሴ መልስ መጥተው መደብ ላይ ተቀመጡ። እናቴ ድስቱን ስታወጣ ፊቷ ልውጥ አለ፤ ግን በእንግዳ ፊት ምን ትበል? ክዳኑን ስታነሣ ውኃው አልቆ ሥጋው ከሥሩ አሯል፣ ጋጣው እንዳለ ቤት ገብቷል። መሪጌታ አንድ ቁራጭ አፋቸው ከተቱ። ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አመላለሱት። ከዚያ እኔ ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ እያየሁ፣ የሚያስሉ መስለው ወደ ጋቢያቸው ጫፍ ተፉት፣ የቀረውንም ቀስ ብለው እዚያው ቋጠሩት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጠገብኩ» ብለው ተነሡ። ስለ እኔ የተነሣ ነገር የለም።

እናቴ አልመታችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ተማሪ ቤት አልገባሁም። ወሩ ሳያልቅ እስቴ ተላክሁ፤ አንድ ባለ ብዙ በሬ ሰውዬ አንዱን ለአባቴ ሰጠ፣ እኔ በልዋጩ ሰባት ዓመት አገለገልኩት። ሰው ሆኜ መካነ ኢየሱስ ገብቼ ወፍጮ ቤት ስሠራ የሰው ስም የተጻፈበትን ጆንያ የማውቀው በላዩ በተጣፈው ጨርቅ ነበር። ፈርም ሲሉኝ አውራ ጣቴን እዘረጋለሁ፣ ቀለሙን ሳጥበው ያን ሽማግሌ እረግማለሁ። ስለ አንድ ጉርሻ እበት ሕፃን ልጅ ከፊደል የሚያባርር ምን ዓይነት የእግዚአብሔር ሰው ነው? ያን ስጨርስ ራሴን እረግማለሁ፤ ከፋቹ እኔ ነኛ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ፣ አንደኛ ክፍል ከገባች ከትርንጎ ጋር ምንጣፍ ላይ ተኝቼ ነው። ስሳሳት በእርሳሷ ጣቴን ትመታኝ ነበር።

አሁን በጠፋ መብራት ሳጥኑ ፊት ተቀምጬ ይህ ሁሉ መጣብኝ። አጠገቤ እህቴ ዘርፌ አለች፤ ባለቤቷ ካረፈ ወዲህ ከእኔ ጋር ናት። በሕይወቴ ለማንም ያልተነፈስኩትን ነገርኳት። በእኔ ጥፋት መሪጌታ ተቀይመው እንዳልተቀበሉኝ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ኑሮዬ ሁሉ ከዚያ ድስት እንደወጣ።

ዘርፌ በነጠላዋ ዓይኗን እስክትጠርግ ሳቀች።

«አንተ ሞኝ! መሪጌታ ናቸው እንቢ ያሉት ብለህ ነው እስከ ዛሬ? ከዚያ እሑድ በኋላ ሦስቴ ጠየቁልህ እኮ! ሦስተኛውንማ ራሳቸው በር ላይ ቆመው ‹ይህን ልጅ ስጠኝ፣ ዓይኑ ንቁ ነው› ብለው ለመኑት።»

«ማንን?»

«አባታችንን ነዋ! ‹ቦራን ገደል በላው፣ በአንድ በሬ ምን ልሁን? ልጁን ለእስቴው ሰውዬ ቃል ገብቼበታለሁ› አለ። ‹የእርስዎን ፊት አይቼ ቃሌን ብበላ ልጆቹ ምን ይበላሉ?› አላቸው። እማማ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ለእኔ ‹ለደምሌ እንዳትነግሪው፣ አባቱን ጠልቶ እንዳይቀር› አለችኝ።»

«ሥጋውስ? ሲተፉት በዓይኔ አይቻለሁ!»

ዙሪያዋን አየች፤ ቤት ውስጥ ከእኛና ከትርንጎ በቀር ሰው የለም።

«ተፉት እንጂ ጣሉት አልኩህ? እማማ ምርኩዝ ይዤ እንድሸኛቸው ላከችኝ። ቤታቸው ስንደርስ ‹ነይ እስቲ ልጄ፣ ሙቀጫ ትችያለሽ?› አሉኝ። እንደ በርበሬ ወቀጥኩላቸው። በጣታቸው እየጠረጉ በሉት፣ ሙቀጫውን ሳይቀር! ‹የጋጣ ጠረን አለበት፣ ግን ሥጋ ነው› ይላሉ እየደጋገሙ። ሲጨርሱ ‹ለሰው ብትነግሪ ገዝቼሻለሁ› አሉኝ።»

«እና ስልሳ ዓመት ሙሉ!»

«ግዝት እኮ ነው! አንተ ደግሞ።»

«አሁንስ ማን ፈታሽ?»

«አሁንማ» አለች አፌን በአገጯ እያመለከተች፣ «አንተም እሳቸውን ሆነሃል። ይህን ድድ አይተው ይፈቱኛል።»

በሬ ማታ ከቀንበር ሲፈታ ወዲያው አይሄድም። ገና የተጫነው ይመስለዋል፣ አንገቱን ዝቅ እንዳደረገ ትንሽ ይቆማል። እኔም እንደዚያ ሆንኩ። አባቴ ላይ ልቆጣ ፈልጌ ነበር፣ ቁጣውም መጥቶልኝ ነበር፤ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የቆመው ጀርባው ታየኝና ተውኩት። ከእኔና ከዳልቻ በቀር የሚሰጠው ነገር አልነበረውም፣ ዳልቻን ከሰጠ ደግሞ ማን ያርሳል። መሪጌታን ግን አውራ ጣቴን ባተምኩ ቁጥር ስንት ዓመት ረግሜያቸዋለሁ! ደጄ ድረስ መጥተው የለመኑልኝን ሰው። ይቅርታ የምልበት መቃብራቸው የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ቢሆንም ትንፋሼ ሆዴ ድረስ ወረደ። ያ ልጅ ሌባ ነበር፣ ሆዳም ነበር፣ በእበት መራጊ ነበር፤ የራሱን ዕድል የዘጋው ግን እሱ አልነበረም።

«አባዬ» አለች ትርንጎ፣ «አሁን ክፈተው።»

ከፈትኩት። እንፋሎቱ እንደዚያን ጊዜው ፊቴን መታኝ። ትርንጎ ሹካ ስትሰካበት ያ ጅማታም ወርች ቢላ ሳይነካው ክር ክር ብሎ ተለያየ፣ ቅልጥሙ ራሱን ችሎ ከአጥንቱ ወጣ። ለእህቴ አጎረስኳት፣ እሷም አጎረሰችኝ። ሁለት ድዳቸው የቀረ ሰዎች ዓይናችንን ጨፍነን፣ ሳንጣደፍ፣ ሥጋ በላን። ስድስት ዓመቴ ነው። ዘርፌ ሥጋ ከተወች ስንት ዓመቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ከስምንት ዓመቴ እስከ አርባ ሁለት ያለው አልተመለሰልኝም፣ አይመለስምም። ቤታችን የነበረበትን አፋፍ ጎርፍ ወስዶታል ይላሉ። እናቴ ወርቹ ቀስ ብሎ ሲበስል ጥርስ ለሌለው እንደሚበቃ ማንም ሳይነግራት አውቃ ሽንጧን ሰጥታ ለወጠችው፤ ያን ሊጥ በራሷ እጅ ሰብራ ክዳኑን ማንሣት ነበር የቀራት። ቀደምኳት። ይህ አሁንም ያመኛል፣ ማመሙም ደግ ነው።

ለመጪው በዓል ጎረቤቶቼ ለቅርጫ ሊጠሩኝ ይመጣሉ፤ ለይስሙላ ነው፣ መልሴን ያውቁታል። ዘንድሮ እገባለሁ። ሆዴን ይነፋኛል አልላቸውም፤ ጥርስ የለኝም ነው የምላቸው፣ መሳቅ ያማረው ይሳቅ። ዕጣ ሲጣል ሽንጥ ቢደርሰኝ ደግሞ ወርች የደረሰውን ፈልጌ እለውጠዋለሁ።