ባለ ሱቁ ድርሻውን የወሰደ ዕለት

ልጄ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ኢኮኖሚክስ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏን ስትሠራ አንድ ሐሳብ ያዛትና ቤታችንን በእሱ ወሬ ሞላችው። መንግሥት ከግብርና ከማዕድን ከሚያገኘው ገንዘብ ላይ፣ ሀብታም ድሃ ሳይል፣ ለእያንዳንዱ ሰው በየወሩ እኩል ይስጥ የሚል ነው።

«ወርቁን ቆፋሪው አልፈጠረውም» አለችኝ አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠች። «ለድካሙ ይውሰድ። የወርቁ ድርሻ ግን የሁላችንም ነው።»

«የፈጠረው አለ» አልኳት።

«እሱማ አለ፣ እማዬ። እሱም ዝናቡን ሲሰጥ ሰው አይመርጥም።»

ሽንኩርቱን ተቀብዬ መክተፍ ጀመርኩ። በልቤ ግን ደስ አለኝ።

የምንኖረው ቁስቋም ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ነው። ከእድራችን አዳራሽ ጀርባ ቀደምት አባላት የተከሉት ባሕር ዛፍ አለ። አንድ ነጋዴ አጣናውን እየቆረጠ ለሕንፃ ሥራ ይሸጣል፤ ለእድሩም ድርሻ ይከፍላል። ልጄ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ተነሥታ፣ ይህ ገንዘብ ሱቅና የሚከራይ ቤት ያላቸው አባላት እንደ ገቢያቸው ከሚያዋጡት ጋር ተደምሮ፣ በየወሩ ለአባል ሁሉ እኩል ይከፋፈል አለች።

አዳራሹ ተንጫጫ።

«ለባለ ማኪናውም?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ለባለ ማኪናውም» አለች።

የብረታ ብረት ሱቅ ያለው ጎረቤታችን ብድግ አለ። በሰፈራችን እሱን የሚያህል ባለጸጋ የለም። «ከኪሴ አውጥቼ ወደ ኪሴ የምመልሰው እጄን ለማፍታታት ነው?» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ።

«የሚወጣው ብዙ ነው ጋሼ፤ የሚመለሰው ትንሽ ነው» አለችው።

«አሁን ገባኝ!» ብሎ እሱም ሳቀ። ደግ ሰው ነው። አዋጣ ሲባል እምቢ ብሎ አያውቅም።

ሰው ይሰንፋል ያሉም ነበሩ። ጉሊት የምትቸረችረው ጎረቤታችን ግን «በዚህች ማን ይሰንፋል? ቲማቲም እጨምርባታለሁ እንጂ» አለች። ሌሎች ደግሞ ኮሚቴ ይቋቋምና ድሃውን ለይቶ ለእሱ ብቻ ይስጥ አሉ። ያኔ ዓይኔ ከአጠገቤ ወደተቀመጡት እማማ ሄደ።

እማማ የግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው። ወገባቸው እስኪጎብጥ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመዋል፤ አሁን ጥጥ ይፈትላሉ። አከራያቸው ኪራይ ጨምሮባቸዋል። ጭማሪውን ካልከፈሉ ቤቱን ለቀው ገጠር የወንድማቸው ልጅ ዘንድ ሊገቡ ነው። ወልደው የቀበሩት እዚህ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው እዚህ ነው፤ የወንድማቸውን ልጅ መልኩን እንኳ በደንብ አያውቁትም። የድርሻው ገንዘብ ጭማሪውን ይሸፍንላቸው ነበር። ነገር ግን ለድሃ የሚሰጥ ነገር ተቀብለው አያውቁም። እርዳታ መዝጋቢ በመጣ ቁጥር በራቸውን ዘግተው ይቀመጣሉ።

«ድሃ መሆኔን እግዚአብሔር ያውቃል» ይላሉ። «ሌላ ምስክር አያስፈልገኝም።»

ለሁሉም ይሰጥ የሚለው አሸነፈ። እማማም «የሁሉም ከሆነ እሺ» አሉ። እኔም ተመስገን አልኩ።

የመጀመሪያው ክፍያ ቀን አዳራሹ ሞላ። ጥሪው በአባልነት ዕድሜ ነው፤ ባለ ሱቁ የአባቱን ቦታ ስለያዘ ከፊተኞቹ ነበር። ተነሥቶ «የእኔ ለድሃ ይሁን!» አለ። ተጨበጨበለት፤ ተመረቀም። ከእሱ ቀጥሎ የተጠራው አስተማሪም የእኔም ለድሃ ይሁን አለ። ባለ ወፍጮዋም እንደዚያው። ትንሽ ያለው ሁሉ ምርቃቱን ፈልጎ ድርሻውን ተወ። ክፋት አልነበረበትም። እኛ ዘንድ ለድሃ ይሁን የተባለ ነገር ያጸድቃል እንጂ ያስነውራል ብሎ የሚያስብ የለም።

ቀስ በቀስ ግን ሰው ዙሪያውን ማየት ጀመረ። ከዚህ በኋላ ተጠርቶ የሚነሣ ሰው፣ ድሃው እኔ ነኝ ብሎ መነሣቱ ነው። አንዲት የልጆች እናት አንገቷን ደፍታ ተቀበለች፤ ከኋላ የተንሾካሾኩባት መሰለኝ። እማማ ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው ሳይጠሩ ወጡ።

ተከትያቸው ሮጥኩ።

«ይመለሱ እንጂ እማማ፤ የእርስዎ ነው እኮ።»

«የእኔ ነበር» አሉኝ። «አሁን የምጽዋት ሆነ። በይ ተይኝ ልጄ፣ ገና ሳይደርስ አገሬ እገባለሁ።»

ልጄ ቤት ስትገባ እንባዋ ቀድሟት ነበር። «በደግነታቸው አበላሹት!» አለች። ራት አልበላችም። እኔም ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሜ «እመቤቴ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» ብዬ ተኛሁ። 

የሚቀጥለው እሑድ የሰንበቴው ተራ የእኔ ነበር። ሰንበቴ ከቅዳሴ በኋላ የምንገናኝበት ማኅበራችን ነው፤ ባለ ተራ ዳቦና ጠላ ያመጣል፣ ካህኑ ይባርካል፣ ዳቦው ተቆርሶ ለተገኘው ሁሉ ይታደላል። እኔ እያዞርኩ ነበር። በር ላይ ለነበሩት ነዳያን ሰጠሁ፣ ለእማማ ሰጠሁ፣ ከእሳቸው አጠገብ ባለ ሱቁ ተቀምጧል። ሁለት እጁን ዘረጋልኝ።

ዳቦውን ከመስጠቴ በፊት ቆም አልኩ።

«ቤትህ ዳቦ የለም?»

«ሞልቷል! ምነው?»

«ታዲያ ለድሃ ይሁን አትልም?»

«ምን ነካሽ እህቴ? ጸበል ጻዲቅ እምቢ ይባላል? በረከት እኮ ነው፣ ሁሉም የሚቀም...» ንግግሩን አልጨረሰም። ወደ እማማ ዞሮ አየ። እማማ ዳቦአቸውን እያላመጡ ወደ ግቢው ዛፍ ይመለከታሉ። ፊቱ ቀላ። ዳቦውን ተቀብሎ ሳመው። እኔም ወደሚቀጥለው ሰው አለፍኩ።

በሚቀጥለው ወር እማማን ለምኜ አዳራሹ ድረስ አመጣኋቸው። «በኋላ በር አጠገብ ነው የምቀመጠው» አሉ። ተቀመጡ። የባለ ሱቁ ስም ተጠራ። ብድግ ብሎ ወደ ፊት ሄደ፤ ገንዘቡን ልክ እንደ ሰንበቴው ዳቦ በሁለት እጁ ተቀበለ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረ።

«ከእኔ በላይ ያዋጣ የለም፤ ድርሻዬንም ለማንም አልለቅም! አባቴ የተከለው ባሕር ዛፍ ነው!»

«አባትህማ ውኃ ቀጂ ነበር፤ የተከልነው እኛ ነን!» አሉ አንድ ሽማግሌ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

«ይሁን አባባ፣ ውኃ ባይኖር ይጸድቅ ነበር?»

አስተማሪው ተነሥቶ ወሰደ። ባለ ወፍጮዋ ወሰደች። ባለ ማኪናውም ወሰደ፤ «ለቤንዚን አይበቃም» ብሎ ሲያጉረመርም ያው ሳቅ ሆነ። ማን ምን እንዳለው የሚያይ ዓይን ጠፋ። የእማማ ስም ሲጠራ ከበሩ አጠገብ ተነሡ። ጎብጠው፣ ቀስ ብለው፣ በመካከላችን አልፈው ሄዱና ተቀበሉ። ሲመለሱ ባለ ሱቁ መንገድ ለቀቀላቸው።

«ምን ሊያደርጉበት ነው እማማ?»

«አንተስ?»

«ጫማ ልገዛ።»

«እኔን አትጠይቀኝ እንግዲህ፤ እኔ የጫማህን ቁጥር ጠየቅኩህ?» አሉት። በዚያ ዓመት እንዲህ ሲቀልዱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋቸው ያን ቀን ነበር። ልጄ እጄን ጨበጠችው፤ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር። ከእድር ወደ አገር ገና ብዙ መንገድ እንዳለ ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ። ቢሆንም ሲሆን አይቻለሁ።

አከራዩ በወሩ መጨረሻ ሲመጣ እኔ በረንዳዬ ላይ ስንዴ እለቅም ነበር። ደጅ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ሳይጠርግ እማማ ወጡና ኪራዩን ከነጭማሪው በእጁ አስቀመጡለት። ሊሄድ ሲል ጠሩት።

«ና እስቲ ግባ! ጣራው ያፈሳል። ከክረምት በፊት አሠራልኝ፤ ተከራይህ ነኝ፣ የትም አልሄድም።»

ጎንበስ ብሎ ገባ። እኔም ከስንዴው ላይ ቀና ብዬ ተመስገን አልኩ።