አባቴ የቀበረው እግር

ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ ተነሥቼ እንድናገር የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ሽማግሌዎቹን ያስቸገርኳቸው እኔው ነኝ። ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር እፈልጋለሁ። ቁጭ ብዬ ብናገር ቅር አይበላችሁ። ቆሜ ከጀመርኩ ቶሎ ላርፍ ስል ዋናውን ነገር እዘለዋለሁ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በልብስ ሰፊነቴ ነው። የደብረ ብርሃን ሰው «አንድ እግሩ ፈለቀ» ይለኛል፤ እውነት ስለሆነ አልቀየምም። እግሬ እንዴት እንደሄደ የምታውቁ ግን ጥቂት ናችሁ። አንዳንዱ መኪና ገጭቶት ነው ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከጣሊያን የተረፈ ቦምብ ነው ይላል። ሁለቱም አይደለም፤ ሐኪሞቹ ካንሰር የሚሉት ነቀርሳ ነው። ይኸው፣ ስሙን ስጠራው ፊታችሁን ስታዞሩ አያለሁ። እኛ ቤትም እንደዚሁ ነበር። ስሙ አይጠራም፤ «ያ በሽታ» ነው የሚባለው።

የተወለድኩት አንኮበር ነው። አባቴ ቄስ፣ አያቴም ቄስ ነበሩ። እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ድቁና ተቀበልኩ፤ ድምፄ መልካም ስለነበር አባቴ ከጎኑ ቆሜ ስቀድስ ደስታው ከፊቱ ይነበብ ነበር። አንድ ቀን እኔም ቅስና ተሹሜ እሱ ያገለገለበት መቅደስ ውስጥ እንደምቆም ሁለታችንም ያወቅነው ነገር ነው፤ ተነጋግረንበት እንኳ አናውቅም። ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ እግዚአብሔርን አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሽም። እፈራው ነበር። ግን ሎሌ ጌታውን እንደሚፈራ ነው የምፈራው፤ እንዳይቆጣኝ እጠነቀቃለሁ እንጂ ይወደኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጎረምሳ ሆኜ ሳለሁ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ እብጠት ወጣ። ዳገት ቁልቁለቱ ያመጣው ነው ብለን ተውነው። ሲብስ ወጌሻ ተጠራ። ወጌሻው ክፉ ሰው አይደለም፣ የስንቱን ስብራት ያቀና ነው። አጥንቱ ተላልፏል ብሎ በቅቤ አሸልኝ። ባሸው ቁጥር ያብጣል፣ ባበጠ ቁጥር ያሸዋል። ከዚያ ጠበል ወረድን። በጠበሉ ማንም እንዲሳለቅ አልፈልግም፤ አባቴ በዚያ ብርድ ውሃው ውስጥ አብሮኝ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። በመጨረሻ ቅዳሴ መሐል ወደቅሁና ተሸክመው አወጡኝ። በማግስቱ አባቴ በበቅሎ ጭኖ እዚህ ደብረ ብርሃን ወዳለው ክሊኒክ አመጣኝ። ሐኪሙ አይቶ ፊቱ ተለወጠ። «አሁኑኑ አዲስ አበባ ውሰደው» አለው።

አዲስ አበባ የወሰዱን ሆስፒታል ለአጥንት በሽታ የሚያውቅ የውጭ አገር ዶክተር ነበረው። እንደኔ ያሉ ወጣቶችን በአንድ ክፍል ያስተኛል። የመጀመሪያ ቀን ስገባ አጠገቤ የተኛው የአረርቲ ልጅ፣ ሸዋንግዛው ይባላል፣ አንድ እጁ ከትከሻው ተቆርጧል። እግሬን አየና «አይዞህ ዲያቆን፣ እኔ እግር አለኝ፣ አንተ እጅ አለህ፤ እየተዋዋስን እንኖራለን» አለኝ። እኔ አልሳቅሁም። ሌሎቹ በሙሉ ሳቁ።

ዶክተሩ የሚናገረውን የሚተረጉምልን ዱጉማ የሚባል ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥብ ሠራተኛ ነበር፤ የወለጋ ሰው፣ ጌታን የሚያምን። ዶክተሩ ሳይሸፋፍን ነገረን። «አጥንቱ ውስጥ ያለው ነቀርሳ ነው። እግሩ ከጭኑ መቆረጥ አለበት።»

አባቴ «ቢቆረጥ ይድናል?» አለ።

«ቃል አልገባም። በሽታው ወደ ሳንባው ሄዶ ሊሆን ይችላል። ካልተቆረጠ ግን የሚሆነውን አውቃለሁ። ይሞታል፣ አሟሟቱም በብዙ ሥቃይ ነው።»

አባቴ ከመቀመጫው ተነሣ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «አካሉ የጎደለ ቅስና አይሾምም። ይህ ልጅ የመቅደስ ነው። መሞቱ ካልቀረ ሙሉ አካሉን ይዞ ይሙት።» ብሎ ወደ አገራችን የሚመለስ መኪና ሊፈልግ ወጣ።

በአባቴ ላይ እንዳትፈርዱ። ድምፁ ሲሰበር የሰማሁት እኔ ነኝ። እኔም ደግሞ የማስበው ልክ እንደሱ ነበር። መቅደስ የማይገባ ዲያቆን ምን ያደርጋል? ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተቀምጦ ሊለምን? ሞት ይሻለኛል ብዬ ቆርጬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዱጉማ ፋሻዬን ሊለውጥ መጣ። እንደልማዱ ቀስ እያለ እየፈታ፣ «ዲያቆን፣ አንተ ተምረሃል፣ እኔ አልተማርኩም፤ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ።

«ጠይቅ።»

«ጌታ ከሙታን ሲነሣ የእጁ ቁስል ጠፍቶ ነበር?»

«አልጠፋም። ለደቀ መዛሙርቱ አሳይቷቸዋል።»

«ጎኑስ?»

«ጎኑም እንደተወጋ ነበር።»

«እንግዲያው አሁን በአብ ፊት ሊቀ ካህናት ሆኖ ያለው ያው የቆሰለው አካል ነው፣ ወይስ ሌላ ሙሉ አካል ተሰጠው?»

መልሱን እንደማውቅ ያውቃል። አዲሱን ፋሻ ጠቀለለልኝ፣ ብርድ ልብሱን አለበሰኝና ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ። ስብከት አላበዛብኝም፤ ጌታ ይባርከው።

ወገኖቼ፣ ያን ነገር ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በዜማ ብዬዋለሁ፣ ትርጓሜውን ተምሬያለሁ። ለእኔ የተነገረ ነው ብዬ ግን አንድም ቀን አልገባኝም ነበር። ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁና ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ቃሌ ጸለይኩ። «ጌታ ሆይ፣ ጎድዬ ብመጣ ትቀበለኛለህ?» አልኩት። ራእይ አላየሁም፣ ድምፅ አልሰማሁም። ስታገለው የኖርኩት ፍርሃት ግን ለቀቀኝ። እንደምወደድ አወቅሁ። ሙሉ ስለሆንኩ ወይም ድምፄ ስላማረ አይደለም፤ እንዲሁ። ብርድ ልብሱን ተከናንቤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ስሙ የተባረከ ይሁን።

አባቴ ተመለሰ። ወደ ደብረ ሲና የሚሄድ የጭነት መኪና አግኝቶ ከሾፌሩ ጋር ተስማምቷል። «ተነሥ ልጄ፣ እንሂድ» አለኝ።

«አባባ፣ እኔ መኖር እፈልጋለሁ» አልኩት።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአባቴ እምቢ ያልኩት ያን ቀን ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እጁን እብጠቱ ላይ አሳርፎ ቆየ፤ ሾፌሩ ውጭ ጥሩምባውን ይነፋል፣ አባቴ ግን መኪናውን ከነመኖሩም የረሳው ይመስላል። በኋላ እኔን ትቶ ዱጉማን ነው ያናገረው። «ስትቆርጡት እግሩን ለእኔ ስጡኝ። ሜሮን የተቀባ አካል ነው፤ የትም አይጣልም» አለው። እሺ ማለቱ ነበር። ከዚያ ሌላ እሺ አላለም።

ፈረንጁ ዶክተር ግራ ቢገባውም ፈቀደ። አባቴ የገዛ ጋቢውን አውልቆ እግሬን ገነዘውና ይዞት አንኮበር ገባ። እናቴ ከተቀበረችበት ጎን ለራሱ ያስከበረው ቦታ ነበር፤ እዚያ አስቆፈረ። የሆነውን በኋላ ጎረቤቶች ነግረውኛል። የፈለቀ ነው ሲባል ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ መጡ። አባቴ «ልጄ በሕይወት አለ» ይላቸዋል። «ታዲያ የምንቀብረው ማንን ነው?» ይሉታል። «ዝም ብላችሁ ቆፍሩ» ብሎ ፍትሐቱን ጀመረ።

ሆስፒታሉ ቁስሌ ሲሽር እንዲሁ አላባረረኝም። እዚያው ግቢ ውስጥ እንደኔ ላሉ ወጣቶች ሙያ የሚያስተምሩበት ቤት ነበረ፤ ስፌት ተማርኩ። የሲንጀር ስፌት መኪናውን መርገጫ ለመርገጥ አንድ እግር ይበቃል፤ ሁለት እግር ያላቸው ሲረግጡ አይቻለሁ፣ ትርፉ ድካም ነው። ሸዋንግዛው ክር ያቀብለኝ ነበር። በሽታው ሳንባው ላይ ተመለሰበትና እዚያው ክፍል ሞተ። ከእኔ ይልቅ ይጸልይ ነበር፣ ከእኔ ይልቅ ደግ ነበር። ለምን እሱ ሆነ፣ ለምን እኔ አልሆንኩም፣ አላውቅም። እምነት ካለህ አትሞትም የሚሏችሁ ሰዎች ሸዋንግዛውን ቢያውቁት ዝም ይሉ ነበር። «ስሞት እጄን ያዝልኝ» አለኝ፣ ያዝኩለት። ሲሄድ አልፈራም። ይህም የጌታ ሥራ ነው።

ወደ አገሬ ተመልሼ እንደ ዱጉማ የወንጌል አማኝ መሆኔን ለአባቴ ስነግረው አልረገመኝም። «እንግዲህ ከእኛ ጋር አትቀበርም ማለት ነው» ብቻ አለ። «አንድ እግሬ ቀድሞኛል፣ አባባ» ብዬ ላስቀው ሞከርኩ። አልሳቀም። ከዚያ ወዲያ እዚህ ደብረ ብርሃን ያለውን ቤቴን ሳይረግጥ ዓመታት አለፉ። ለገበያ የሚመጣ የአንኮበር ሰው «ቄሱ፣ ያ ልብስ ሰፊ ደህና ነው ወይ ብለው ጠይቀዋል» ይለኛል። ያ ልብስ ሰፊ። እኔም «ደህና ነው በላቸው» እላለሁ። ከሰው ፊት እስቃለሁ፤ ወደ ቤቴ ስገባ ግን ያመኝ ነበር።

በነዚህ ዓመታት ጌታ ሥራ ሰጠኝ። እንደኔ እብጠት ያለበት ወጣት እዚህ ክሊኒክ ሲመጣ ይጠሩኛል። አብሬው አዲስ አበባ እወርዳለሁ፣ ሲቆረጥም ሲነቃም አጠገቡ እቆያለሁ። አንዳንዱ ድኖ ተመልሷል፣ አንዳንዱ አልተመለሰም። ለማንም እድናለሁ ብለህ እመን ብዬው አላውቅም። የወደደህ አይተውህም እላለሁ፤ ይህን ግን በሙሉ ልቤ ነው የምለው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ በሬ ላይ በቅሎ ቆመች። አባቴ ነው። አርጅቷል። በቅሎዋ ላይ የጎረቤታችን ልጅ አለማየሁሽ ተቀምጣለች፣ ጉልበቷ በነጠላ ተጠቅልሏል። አባቴ ሰላም እንኳ ሳይለኝ፣ «ወጌሻው እጁን ቅቤ ቀብቶ ተቀምጦ ነበር፣ እኔ ነኝ ያስነሣሁት። አንተን ሳዘገይ የሆነውን አይቻለሁ። ይህችን አላዘገየኋትም» አለኝ። በቅሎዋን ይዤ አሰርኳት።

ወገኖቼ፣ ከመካከላችሁ እብጠት ደብቆ የተቀመጠ ካለ፣ ልጁን የደበቀ ወላጅም ካለ፣ ጌታን ታመኑት፤ ታምናችሁም ኑ፣ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን። ጸሎትና ሐኪም አይጣሉም፤ ሁለቱም ከእርሱ ናቸው። ነገ ጠዋት ከአለማየሁሽ ጋር አውቶቡስ እንሳፈራለን፤ አባቴም አልቀርም ብሏል። አሁን ሁለቱም እኔ ቤት ናቸው። ስንጨርስ መጥታችሁ አይዞሽ በሏት። ከአባቴ ጋር ክርክር እንዳታነሡ፤ ሽማግሌ ነው፣ ደክሞታል።

ልጅቱ ትናንት ራት ላይ ፈርታ አባቴን ጠይቃው ነበር። «አባ፣ እግሬን ከቆረጡት እኔ ምን እሆናለሁ?» አለችው። አባቴ እንጀራውን አስቀመጠ። ከዚያ በአገጩ ወደ እኔ አመለከታት።

«እንደ ልጄ ትሆኛለሽ» አላት።

ጌታ ይመስገን። በሉ ተነሡ፣ እንጸልይና እንሂድ፤ እየጠበቁን ነው።