ሬዲዮዎን ያጥፉልን

ልብስ ሰፊው ጠዋት ጠዋት ለከተማው ሬዲዮ ጣቢያ ሳይደውል መርፌ አያነሳም። ያንን ፕሮግራም የማይከፍት ሱቅ የለም። እሱም ተራው ሲደርስ ጉሮሮውን ጠርጎ አንዲት ምክር ይሰጣል፤ ስለ ትዳር፣ ስለ ጎረቤት፣ አንዳንዴም ስለ ጥርስ አጠባበቅ። አድማጭ «አባ ምክር» ይለዋል። ስሙን እንደ ሹመት ይዞታል።

ስልክ የምታነሳው ልጅ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትለዋለች፤ «ጋሼ፣ ሬዲዮዎን ያጥፉልን፤ ድምፁ ይጮህብናል።»

ያጠፋል። ስለዚህ ራሱን በሬዲዮ ሰምቶ አያውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ከተማው የሚሰማው ሌላ ነበር። ድሮ አንድ አድማጭ ደውሎ «ኧረ እኚህን ሰውዬ ገላግሉን!» ቢል፣ አቅራቢው ለቀልድ ብሎ ከምክሩ ጫፍ ላይ የአህያ ድምፅ ለቀቀበት። የጣቢያው ስልክ በጥሪ ተጨናነቀ፤ «ድገሙልን!» ተባለ። ከዚያ ወዲህ አባ ምክር አፉን በከፈተ ቁጥር አህያዋ ታናፋለች። በስልኩ በኩል ግን ለእሱ አትሰማም።

ሚስቱ ቤቷ ሆና ስትሰማ ኖረች። አንድ ቀን ነጠላዋን ጣል አድርጋ እሱ በሌለበት ሱቅ ለሱቅ ዞረች። «ሳቁ፣ አልከለክላችሁም» አለች። «ብቻ እሱ ሲደውል ድምፁን ዝቅ አድርጉት።» ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ጭንቅላቱን ደፍቶ እሺ አላት። ማታ ባሏ «ዛሬስ እንዴት ነበርኩ?» ሲላት፣ ፊቷን ወደ ድስቱ አዙራ «አንደበትህ ማር ነው» ትለዋለች።

ሳል ጀምሯት በዚያው ሞተች።

ሱቁን መልሶ በከፈተበት ጠዋት ደወለ። ምክር አልነበረውም፤ ቀብሯ ላይ የቆመውን ሁሉ አመስግኖ፣ በመጨረሻ ሚስቱን በስሟ ሊጠራ ነው። ሬዲዮውን አጠፋ። ተናገረ። ስልኩን ዘጋ።

ጣቢያው ስድብ እንዳያመልጥ የደዋይን ድምፅ ትንሽ አዘግይቶ ነው የሚያወጣው። አሁን ደግሞ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ የሚለምን የለም። ስልኩን ከእጁ ሳያስቀምጥ የገዛ ድምፁ ከፀጉር አስተካካዩ ቤት ወጣ፤ «…ባለቤቴ፣ የልጅነት ጓደኛዬ…» አለና ስሟን ጠራ። በስሟ ላይ አህያዋ አናፋች።

ፀጉር ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወዲያው አንዱ በመስታወቱ ውስጥ አየውና ጓደኛውን በክርኑ ጎሸመ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ይዞ ወጣ።

«ጋሼ… እኛ እኮ… እሜቴ አደራ ብለውን ነበር።»

«እሷም ታውቅ ነበር?»

ፀጉር አስተካካዩ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ጣቢያው ድረስ በእግሩ ሄደ። አቅራቢው ወንበር ስቦ አስቀመጠው፤ እጁን በሁለት እጁ ያዘው።

«አባቴ፣ እኔ በእርስዎ ስቄ አላውቅም። ግን እኛ የአድማጭ አሽከር ነን። የወደደውን ካልሰጠነው ወደ ሌላ ጣቢያ ይዞራል።»

«ለአንድ ቀን ብቻ አህያህን እሰርልኝ። ስሟን ልጥራ።»

«በእናቴ ሞት! ነገውኑ!»

በማግሥቱ አህያዋ አልነበረችም። ልብስ ሰፊው ቀስ ብሎ ጀመረ፤ እንዴት እንደተዋወቁ፣ ወንፊት የሆነ ሸሚዙን እንዴት በመርፌ እንደጠቀመችለት። ጣቢያው ውስጥ መልእክት ይጎርፍ ጀመር፤ «አህያዋስ?» «ታመመች እንዴ?» «ኧረ እንቅልፋችን መጣ!» ስሟ ላይ ሳይደርስ አቅራቢው «እናመሰግናለን አባታችን» ብሎ ዘፈን ለቀቀ።

ከፀጉር ቤቱ አንድ ደንበኛ «ዛሬስ አልጫ ሆኑ» ሲል ተሰማ። ሬዲዮውን ወደ ሌላ ጣቢያ አዞሩት።

ልብስ ሰፊው ያን ቀን ምንም አልሰፋም። አንድ ሱሪ ጭኑ ላይ ዘርግቶ እስኪመሽ ተቀመጠ።

ሲነጋ ደወለ።

«ልጄ፣ አቅራቢውን ስጪኝ።»

«አቤት አባቴ! ትናንት ይቅርታ፤ እንግዲህ አድማጭ…»

«ካለች እስከ መጨረሻው ታስወሩኛላችሁ?»

«ማን?»

«አህያዋ።»

«እሷ ካለችማ የፈለጉትን ያህል!»

«እንግዲያው ፍታት።»

ተናገረ። ስለ ሸሚዙ ተናገረ፤ አናፋች። ስለ ሳሏ ተናገረ፤ አናፋች። ስሟን ከነአባቷ ጠራ፤ ደግሞ ጠራ። ማንም አላቋረጠውም። ከወዲያ ማዶ ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር፤ እንባው እስኪወርድ።

«ድንቅ ነበር አባቴ!» አለ አቅራቢው። «ለነገስ ስለ እሷ ምን ያወሩልናል?»

«ስለ ቀብሯ» አለ ልብስ ሰፊው።